የተዋስነው ሶፋ

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብን ያጠነከርኩት ሳምቡሳ በምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ ከፈረቃ ለሚወጡ ሠራተኞች ሳምቡሳ እሸጣለሁ፤ ገዢ ሲጠፋ ዘይት የነካው ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ፣ የጨረታ ማስታወቂያ ሳይቀር፣ አነባለሁ። ያነበብኩትን ደግሞ ከራሴ ጨመር አድርጌ አጠገቤ ለምትቆመው ቆሎ ሻጭ አወራላት ነበር። ወሬ ያኔም ነፍሴ ነው። ይህችን ግን ለማንም አውርቻት አላውቅም።

ቤታችን ከኮምቦልቻ ዳር ነው። አባየ፣ ስሙ ይማም ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው ማሳ ለፋብሪካ ተብሎ ተወሰደና በቆርቆሮ ታጠረ። የኛ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር «ሥራህ ምንድን ነው?» ብትሉ ቀጥ ያለ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው አልነበረም። አንዱ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ባለቤቱ ሲቀማው ቁጭ ይላል። ሌላው ደረቅ ወደቡ በር ላይ የሚራገፍ ጭነት እስኪመጣ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ሴቶቹ ለፋብሪካ ልጆች ክፍል ያከራያሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። ልጃገረዶቹ ዓረብ አገር ናቸው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ፣ አባየ አንዱ ነው፣ ቆርቆሮውን አጥር እያዩ «ገበሬ ነኝ» ይላሉ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ሥራ በተገኘ ቀን። ባልተገኘ ቀን ከደላላ ጋር ይነጋገራል። ደላላው በባቲ በኩል አውርዶ፣ በረሃውን አሻግሮ፣ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ የሚያደርስ ነው። ብዙ የሰፈራችን ልጆች በዚያ ሄደዋል። እማየ ይህን የሰማች ቀን እግሩ ላይ ተደፋችበት።

«ፋብሪካው ሊከፈት ነው እየተባለ?» አለችው። «ከተነሱት ቤቶች ልጅ ይቀጥራል እየተባለ? እስከዚያ እንኳ ታገሠኝ፣ ልጅየ።»

ሰይድ አነሣትና «እሺ» አላት። «ቀጠሩኝ ማለት፣ ወላሂ፣ የትም አልሄድም። ካልቀጠሩኝ ግን እንዳትይዥኝ።»

በዚህ ተስማሙ። እንግዲህ ወንድሜ መቅረቱም መሄዱም የተንጠለጠለው በዚያች የፋብሪካ ሥራ ላይ ብቻ ነበር።

ጦርነቱ ያጓተተው ፋብሪካ በመጨረሻ ሊጀምር ሲል የቀበሌው ሰው በድምፅ ማጉያ እየዞረ ለፈፈ። ከደሴ ባለሙያዎች መጥተው የነዋሪውን ኑሮና ሥራ በየቤቱ ያጠናሉ፤ ፋብሪካው ለሁሉም ስለማይበቃ የሚቀጠረው በዚህ ጥናት ይለያል። ይኸው ነው የተባለው። ምን ዓይነት ቤት እንደሚመረጥ የነገረን የለም።

አባየ ለብቻው ሲያስብ አመሸና «ገብቶኛል» አለ። «ልጅህን ሊወስድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ቤትህን ነው የሚያይ። የማን ልጅ ነው፣ ከምን ዓይነት ቤት ወጣ ይላሉ። የተራበ ቤት ልጅ እጁ አያርፍም ብለው ይፈሩ የለ? እቃ ነው የሚያስረክቡት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማናችንም ይህ ስህተት ነው አላልንም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚደረገው ይታወቃላ! ምንጣፉ ከአንዱ ቤት፣ ብርጭቆው ከሌላው፣ ትራሱ ከማዶ ይመጣል። ሽማግሌዎቹም የተውሶ መሆኑን አያጡትም፤ የነሱም ቤት እንዲያው ነው የሚያጌጥ። ውሸት የሚለው የለም። ክብር ነው።

ጎረቤታችን እትየ ሐዋ ከባሏ ሞት በኋላ ከልጇ ከጀማል ጋር የምትኖር ሴት ናት። ሴት ልጇ ሪያድ ሳለች የላከችላት ሶፋና ቴሌቪዥን አላት። ልጅቷ ግን ካገባች ወዲህ እጇ አጥሯል። ጀማል ደግሞ ሰይድ ሊሄድበት በሚያስበው መንገድ ሄዶ፣ እስር ቤት ከርሞ፣ ተጠርዞ የተመለሰ ነው። በዱላ የተሰበረ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሣም። ሲመለስ እናቱ በር ላይ ቆማ «ልጄን ጥሩልኝ» ብላው ነበር፤ አላወቀችውም።

እና እትየ ሐዋን ሶፋ ስንጠይቃት «ለሰይዴ ሶፋ ምን አላት!» አለች። «ቴሌቪዥኑንስ? መደርደሪያውንስ? ውሰዱ እንጂ! ድመቷንም ውሰዷት፣ ወፍራም ናት፣ የጠገበ ቤት ታስመስላለች።»

ሶፋውን ሰይድና ጀማል ተሸከሙት። ጀማል በግራ እጁ ብቻ ስለያዘ ሶፋው አጋደለ።

«አንተ ቀና አርገው!» አለች እትየ ሐዋ ከኋላ። «ልጄ ወገቧ ተቆርጦ የላከችው ነው!»

«እትየ፣ አብሽሪ» አላት ሰይድ እየሳቀ። «ፋብሪካዋን ያገባሁ ዕለት አዲስ እገዛልሻለሁ።»

«ጥሎሹን ቀድመህ አስብ» አለው ጀማል። «ፋብሪካ ውድ ሙሽራ ናት።»

ሰይድ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው መጨረሻው።

በማግስቱ አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ ታብሌት ይዘው መጡ። እማየ ለአረፋ ያስቀመጠቻት ፍየል ታርዳ ቤቱ በወጥ ሽታ ታውዷል። ልጆቹ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ አባየ ከለከላቸው፤ ሶፋው ላይ አስቀመጣቸውና እሱ በርጩማ ላይ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ።

«አባባ፣ መተዳደሪያዎ ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ገበሬ ነኝ።»

«አሁን የሚያርሱት መሬት አለ?»

«አላህ ካለ አይጠፋም።»

ወጣቱ ታብሌቱን ነካ አደረገ።

«ባለፉት ወራት ቤተሰቡ የሚበላው ቸግሮት ያውቃል?»

አባየ እንደ መደንገጥ አለ። በቤቱ የተቀመጠ እንግዳ ፊት «ርቦኝ ነበር» ማለት እንዴት ተብሎ? እንግዳውን ስጠኝ እንደማለት ነው፤ ፈጣሪንም መክሰስ ነው። «አልሐምዱሊላህ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምን ጎሎብን? አልሐምዱሊላህ!»

ነካ።

«ልጅዎ ሰይድ ሥራ አለው?»

አባየ ይህቺን ሲጠብቅ ነበር። ሙሽራው እንዴት ያለ ነው ተብሎ እንደተጠየቀ አባት ፊቱ በራ። «ሰይድ? ሰይድ ሥራ ፈት ሆኖ አያውቅም! ፀሐይ ወጥታ ቤት አግኝታው አታውቅም። እንዲህ ያለ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ቢፈለግ አይገኝም፤ ሀቂቃ ነው የምላችሁ።»

ነካ። ወጣቱ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ተቀመጠበት ሶፋ አዞረና እንደገና ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሊነሡ ሲሉ ምግቡ ቀረበ። ልጅቷ «አባባ፣ አይፈቀድልንም» ብላ ለመነች።

«ከቤቴ ሳትቀምሱ ልትወጡ? ወላሂ አይሆንም!»

በሉ። መርቀው ወጡ። አባየ እስከ አጥሩ ሸኛቸውና ሲመለስ «ወደውናል» አለ። እማየ እልል ልትል ከጀላት።

ከኛ ወጥተው የገቡት እትየ ሐዋ ቤት ነበር። ቤቱ ውስጥ ምን ቀርቶ? ጆንያ አንጥፋ ነው ያስቀመጠቻቸው። እቃዋን ልንመልስላት ስንሄድ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች «እኔማ ዛሬ የሰፈሩ ደሀ ሆኜ ዋልኩ!» አለች። «ልጅቷ ግድግዳዬን አይታ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሴት ልጅሽ ትልካለች ወይ ስትለኝ፣ ከከረመ ሰነበተ አልኳት። እውነቴን ነው መቼም።» እኛም አብረን ሳቅን።

ከሳምንታት በኋላ የተመረጡት ስም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሳምቡሳዬን ሸጬ ሳልጨርስ ሮጬ ደረስኩ። ሰይድ ቀድሞኝ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ እንደገና አነበብኩ። የጀማል ስም አለ። የሰይድ የለም።

በር ላይ የነበረውን የቀበሌ ሠራተኛ ያዝኩት። «ምነው? እኛስ? መሬታችን ተወስዶ የለ?»

«እናንተማ ደህና ኗሪ ተብላችሁ ነው» አለኝ። «ቅድሚያው ለችግረኛ ቤት ነው። እናንተ ሶፋ አላችሁ፣ ቴሌቪዥን አላችሁ፣ ልጁም ሥራ አለው ተብሏል። ቅሬታ ያለው ነገ ደሴ ወጥቶ ያመልክት፤ ከነገ በኋላ አይታይም።»

 ሰይድ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና ሄደ። ወደ ደላላው እንደሆነ ገብቶኛል።

አመሻሹ ላይ እትየ ሐዋ መጣች። አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ወንድሜ ይማም፣ ነገ ሂድና እቃው የሐዋ ነው በል» አለችው። «እኔ ስለ ልጄ ብዬ ያንተን ልጅ ለባሕር አልሰጥም።»

እንዲህ ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጉልበቷ ግን ሲንቀጠቀጥ ቀሚሷ ያሳይ ነበር። እኔም አየሁ፤ አባየም አየ።

«አብሽሪ፣ ሐዋ» አላት። «ሂጂ እረፊ።»

በነጋታው እማየ «አንቺ ታነቢያለሽ፣ አብረሽው ሂጂ» አለችኝና ከአባየ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ ኮምቦልቻ ከታች ቁልጭ ብላ ትታያለች። አባየ በመስኮቱ አጎንብሶ የኛን ማሳ ፈለገ። አዲሱ የፋብሪካ ጣሪያ ያብረቀርቃል። «ያችውልሽ» አለኝ።  ደሴ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር፤ ቆላ የለመድኩ ነኝና ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ሴት ቁጡ አልነበረችም። ብትቆጣ በተሻለኝ ነበር። ለአባየ ወንበር ስባ ሰጠችው፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ አነበበች።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ የተሻለ ኑሮ ይላል። ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ የእቃ መደርደሪያ። ልጅዎም ሥራ ላይ ነው ይላል።»

«ጫኝ ነው» አልኩ እኔ። «አንዳንዴ ነው የሚያገኘው። ብዙውን ቀን ባዶውን ነው የሚገባ።»

«እሱን ላስተካክለው እችላለሁ» አለችኝ። «ዋናው ግን ንብረቱ ነው። አባቴ፣ ይህ እቃ የእርስዎ ነው?»

አባየ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ካልሆነ የማን እንደሆነ ይንገሩኝ። ነገውኑ ሰው ልከን እናጣራለን፤ የእርስዎ ቤት ዝቅ ይልና ልጅዎ ይገባል። የእቃው ባለቤት ቤት ደግሞ ከፍ ይላል።»

«ከፍ ሲል?» አለ አባየ።

«ከዚያ ቤት የተመረጠ ሰው ካለ ይወጣላ። ቦታው ውስን ነው።»

 ጀማል በግራ እጁ ሶፋውን እንደያዘ ታየኝ። ሰይድ በጀልባ ላይ ታየኝ። አፌን ከፈትኩ። አባየ ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘኝ፤ የእርሻ እጅ ነው፣ አጥብቆ ያዘኝ። የሴትዮዋን ፊት እያየ፣

«የኔ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እቃው የኔ ነው። ልጆቹ ደህና አድርገው ነው የመዘገቡ።»

ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ የአባየን የተቀዳደደ ኮት አየች። የምታውቅ መሰለኝ። ነገር ግን እሷስ ምን ታድርግ? ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

 ውጭ ስንወጣ አባየ ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጉሙ አላፊ አግዳሚውን ይሸፍነዋል። አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ ጮኼ አለቀስኩ።

«ለምን? ሐዋ ራሷ ፈቅዳ! ራሷ ተናገር ብላህ!»

«ጉልበቷን አላየሽም?» አለኝ። ደግሞም፣ «የጀማል ክንድ ሁለተኛ አይነሣም። ሰይድ ሁለት ክንድ አለው» አለ። ከዚያ በኋላ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። «አፉ በይኝ፣ ልጄ። አፉ በሉኝ» እያለ ይቅርታ ሲለምን ከውስጥ ሰማሁት።

ቤት ስንደርስ ሰይድ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አባየ «አልሆነም» ብሎት አለፈ። ሰይድ ተከተለኝና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ሶፋው የማን ነው አለ?»

«የኔ ነው አለ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። «አውቄው ነበር» አለኝ። «እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት እማየ ሰላት ላይ ሳለች እትየ ሐዋ ቤት ሄደ። ፋብሪካው ድፍን ጫማ ያላደረገ አያስገባም መባሉን ሰምቷል፤ ጀማል ደግሞ ድፍን ጫማ አልነበረውም። ሰይድ ያለችውን አንድ ጫማ አውልቆ ለጀማል ሰጠው፤ የጀማልን የላስቲክ ሰንደል አጠለቀ። ጀማል እንቢ ብሎ ታግሎት ነበር አሉ። በግራ እጁ ብቻ ምን ያህል ይታገላል?

እማየ ከሰላቷ ስትነሣ ሰይድ የባቲ መኪና ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከባሕሩ ዳር። ድምፁ ይቆራረጣል። «ደህና ነኝ፣ ዛሬ እንሻገራለን» አለ። እማየ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ጫማ አለህ? ልጅየ፣ ጫማ አለህ?» ትላለች። ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ደጋን ከተማ ያለው አጎቴ ከየመን የተመለሱ ልጆችን እየዞረ ጠየቀ፤ አንዱ አይቼዋለሁ አለ፣ ሌላው የዚያን ሰሞን አንዲት ጀልባ ሳትደርስ ቀረች አለ። ለቅሶ እንዳንቀመጥ ሞቱን የነገረን የለም። እንዳንጠብቀውም መኖሩን የነገረን የለም። እማየ በር አትዘጋም።

ጀማል ሥራውን ጀመረ። ያችን ጫማ አድርጎ በኛ በር ሲያልፍ አቀርቅሮ ነው። እትየ ሐዋ ሶፋውን ሸጠችው፤ ቁጭ ልበልበት ብላ አልሆነላትም። በሰፈሩ ሠርግ ሲመጣ ዛሬም እቃ እንዋሳለን፤ ብቻ ሰው እንደ ድሮው እየሳቀ አያዋስም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። በሐቅ እላችኋለሁ፣ የተማርኩት የለም። አባየ ምን ማድረግ ነበረበት ብዬ እስካሁን ሳምቡሳ ስጠቀልል አስባለሁ፤ በሐሳቤ ጀማልን ከሥራው ያስወጣሁ እንደሆነ ልቤ ይሰበራል፣ ሰይድን ከስደት ያስቀረሁ እንደሆነም ጀማል ፊቴ ይቆምብኛል። ሁለት ልጆች ነበሩ፣ አንድ ሥራ ነበር፤ የቀረውን ሁሉ እኛው በእኛው ነው ያደረግነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ያኔ በራዲዮ «የአካባቢው ነዋሪ ይህን ያህሉ ሥራ አለው፣ ይህን ያህሉ ኑሮው ተሻሽሏል» ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን ይህን ወሬ ስሰማ እዘጋዋለሁ። ሶፋው የማን እንደሆነ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። እናንተም ምናልባት አንድ ቀን ታብሌት ይዛችሁ ሰው ቤት ትገቡ ይሆናል። ሰውየው «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎሎብን» ሲላችሁ፣ እባካችሁ፣ ታብሌቱን ቶሎ አትንኩት።

አምና ደግሞ ሌላ ጥናት መጣ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ፀሐይ አቃጥሏት፣ ደጃችን ቆማ «አባባ፣ ስለ ቤተሰቡ ሥራ ጥቂት ልጠይቅዎ» አለችው። አባየ ቆይ ብሏት ወጣ። እትየ ሐዋ ቤት ሄዶ አንድ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ደጃችን ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አድርጎ በጋቢው ጫፍ ጠረገላትና አስቀመጣት።

«ወንበሩ የተውሶ ነው» አላት። «እሱን አስቀድመሽ ጻፊ።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።